ትሕትና የመሪጌታ መርስዔ ኃዘንን ጥፍር ለመቁረጥ ስለ ዘመተችው ዘመቻ

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ከመሐል ሜዳ ገበያ በላይ የተተከለው የአረጋውያን መጦሪያ ጣራው ከታደሰ በሁለተኛው ዓመት፣ ትሕትና አባይነህም ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ በአባቷ ቤት በሥራ ጠባቂነት ዙፋን ላይ በነገሠች በሁለተኛው ዓመት፣ የጥቅምት ወር ሊገባደድ ሲል፣ ውርጭ የገብሱን ማሳ ነጭ ቀብቶ ባደረበት ማለዳ፣ በሁለት ሰዎች መካከል ትንሽ አለመግባባት ሆነ፤ ከእርሱም ታላቅ ዘመቻ ተወለደ። የዚህን ዘመቻ ዜና ሳንጨምርና ሳንቀንስ፣ መጨመር ባማረን ጊዜም ለራሳችን እያፈርን፣ እንጽፋለን።

አለመግባባቱ እንዲህ ነው። ከዘመኑ ተመራቂዎች ሁሉ ድምፀ ቀሊል የሆነችው፣ የስብሰባ የመጨረሻ ረድፍ ባለርስት፣ ስሟ ሲጠራ አቤት ከማለት እጇን ማንሣት የሚቀላት ትሕትና፣ ከመጦሪያው በጎ ፈቃደኞች ጋር ተቆጥራ የአረጋውያንን ጥፍር ትቆርጥ ዘንድ ተሹማ ነበርና፣ መቁረጫዋን በቀኝ እጇ ይዛ ወደ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን አልጋ ቀረበች። ጥፍርዎን ልቁረጥልዎ ልትል አስባ ነበር፤ ቃሉ ግን ከጉሮሮዋ ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ፤ ስለዚህ ሥራው ራሱ ይናገርልኝ ብላ ወደ እግራቸው ጎነበሰች። መሪጌታ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ደቀ መዛሙርት ከእግራቸው ሥር ሲያጎነብሱ ያዩ ሊቅ ናቸውና፣ አንዲት የጨዋ ልጅ ያለ ቃል ስታጎነብስ የምትሻው አንድ ነገር ብቻ እንደ ሆነ ያውቃሉና፣ ምርቃት ፈልጋ መጣች ብለው በልባቸው ደስ አላቸው፤ መረቋትም።

ምርቃታቸውም ከእርሷ ጀምሮ ወደ አባቷ ተሻገረ፣ ከአባቷ ወደ አባቷ በጎች፣ ከበጎቹ በጓሳ ሣር ላይ ወደ ወደቀው ጠል፣ ከዚያም ስሙ ገና ወዳልታወቀው ባሏ ሄደ፣ በልጆቿም ላይ ጥቂት አረፈ፣ ተመልሶም ከራስ ጠጉሯ ጀመረ። በመንዝ ምድር የሽማግሌን ምርቃት መሐል ላይ ማቋረጥ የሚወርድ ዝናብን በእጅ ወደ ላይ እንደ መመለስ ነውና፣ ትሕትና ወግ እንደሚያዘው ሁለት መዳፏን ዘርግታ አሜን አለች፣ ደግማም አሜን አለች። በተዘረጋው መዳፏ ላይ ግን ጥፍር መቁረጫው ነበረ። ሊቁም አይተው የእጅ መንሻ መሰላቸው፤ ተቀበሏት፣ ስለ ስጦታዋም ሌላ ምርቃት ጨመሩላት፣ መቁረጫውንም ከበግ ጠጉር በተሠራው ባናቸው ሥር ሸሸጉት። በመጀመሪያው ግጥሚያ የትሕትና ጦር መሣሪያ በዚህ ዓይነት ተማረከ።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ በማግሥቱ ሌላ መቁረጫ ተውሳ መጣች፤ ጎነበሰች፤ ተመረቀች። በሠልስቱም እንዲሁ ሆነ። ሳምንቱ ሳያልቅ ከመሐል ሜዳ እስከ ቀየት ድረስ እንደ እርሷ የተመረቀ ፍጡር አልተገኘም፤ ጥፍሩ ግን በነበረበት ነበረ። መሪጌታም ለጎበኛቸው ሰው ሁሉ፣ ይህች ልጅ በረከት የተራበች ናት እያሉ ይመሰክሩላት ጀመር። ይህንንም ከግቢው ፀሐያማ መደብ ላይ ሆነው ያዩ እማማ አየለች፣ በምላሳቸው ስለት በአረጋውያኑ ዘንድ የተፈሩ እናት፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ኧረ አንቺ ልጅ! ምርቃቱን ብቻሽን ጨረስሽው እኮ! ለእኛም አስተርፊልን እንጂ፤ እኛም ሟቾች ነን፣ ስንቅ ያስፈልገናል!»

አንባቢ ሆይ፣ ጥፍር ምንድን ነው ብለህ ይህን ዜና አትናቅ። መሪጌታ መርስዔ ኃዘን በወጣትነታቸው በተቀጠሩበት በሚካኤል ደብር፣ በማኅሌቱ ቀኝ ረድፍ ላይ ከአባታቸው የወረሱት ቦታ አላቸው። በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል፣ ታቦቱ ሊወጣ ሲል ሊቃውንቱ ጸናጽላቸውን ይዘው ወረብ ሲያቀርቡ፣ የመጀመሪያዋን እርምጃ የሚረግጡ እሳቸው ነበሩ። ባለፈው ዓመት ግን አልሄዱም። ድምፄ ሄዷል አሉ። ዘንድሮም ደቀ መዛሙርታቸው መጥተው በአክብሮት ለምነው፣ የኔታ፣ ካልመጡልን ረድፉ ጎደሎ ሆኖ አይከርምምና ለሌላ ሰው ልንሰጠው ነው ቢሏቸው፣ ስጡት አሉ። ደቀ መዛሙርቱም እያዘኑ ሄዱ። ሊቁም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ትሕትና ግን ወለል በምትወለውልበት ጊዜ ሌላው ሰው ያላየውን አየች። በአጠገባቸው ሰው አለመኖሩን ሲያምኑ መሪጌታ ከባናቸው ሥር ያዜማሉ፤ ድምፃቸውም አንድ ክር አልጎደለበትም። ባናው ከእግራቸው በኩል ገለጥ ባለ ጊዜ ደግሞ፣ የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ጥፍር እንደ በግ ቀንድ ተጠምዝዞ ሥጋውን ሲወጋ አየች። ጫማ አይገባለትም፤ መሬት አይረግጥበትም። ሐኪም ወደ መጦሪያው በመጣ ጊዜ መሪጌታ ደረታቸውን አሳይተዋል፣ ወገባቸውን አሳይተዋል፣ ዓይናቸውንም አሳይተዋል፤ እግራቸውን ግን አላሳዩም። የሄደው ድምፃቸው አልነበረም፤ የቀረው እግራቸው ነበር። ትሕትናም ይህን ለማንም ሳትናገር ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለወጥ ቤቱ አዛዥ ለወይዘሮ ጌታነሽ ነገረች፤ ወይዘሮ ጌታነሽም ለማንም ሳይናገሩ ለሁሉም ነገሩ።

የጦር ምክርም በወጥ ቤቱ ውስጥ፣ በሽሮው ድስት ዙሪያ ሆነ። ከትሕትና ጋር የተሰለፉትም እነዚህ ናቸው፤ ወይዘሮ ጌታነሽ፣ ምድጃና ማንቆርቆሪያ የሚታዘዝላቸው፤ የጦሩ ፊታውራሪ አንዷለም፣ ስድስት ቀን ባጃጅ የሚነዳ፣ በሰባተኛው ቀን በጎ ፈቃደኛ የሚሆን፣ የወጣት ማኅበሩንም ድምፅ ማጉያ የተሸከመ፤ ከእነርሱም በኋላ ልብስ አጣቢዎች፣ ፀጉር አስተካካዮች፣ አልጋ አንጣፊዎች፣ ከሁሉም በኋላ ሥራቸው ያልታወቀ ነገር ግን በስልካቸው ፎቶ የሚያነሡ ብዙ ሕዝብ። አንዷለምም፣ የሰውን ልብ የሚሰብረው ጩኸት ነው ብሎ ያምን ነበርና፣ በግቢው መካከል ቆሞ ማጉያውን አፉ ላይ ደግኖ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ስሙ! የሰማችሁ ላልሰማው አሰሙ፤ ጆሮው የደከመውንም በክርናችሁ ነካ አድርጉት! ነገ ፀሐይዋ ግቢውን ስትሞላ አጠቃላይ የጥፍር ዘመቻ ይሆናል። ገበሬም ሁን ወታደር፣ ነጋዴም ሁን ካህን፣ እግር ያለህ ሁሉ እግርህን ይዘህ ና! እግሩን ደብቆ የቀረ ግን ጥፍሩ ካልሲውን ይብላው!»

በማግሥቱም የእግሮች ሠራዊት ወጣ። ከጓሳ እስከ መሐል ሜዳ ሣር ተሸክሞ የተመላለሰ እግር መጣ፤ በወታደርነት ዘመኑ በረሃ አቋርጦ ዛሬ ከአልጋ እስከ በር የሚደክመው እግር መጣ፤ የስፌት መኪና ሲረግጥ ያረጀ፣ አሁንም ባለቤቱ በተቀመጠ ቁጥር ሳይታዘዝ ከፍ ዝቅ የሚል እግር መጣ፤ ስንጥቁ ከመጥለቁ የተነሣ ገብስ ቢዘሩበት የሚያበቅል ተረከዝም መጣ። እማማ አየለችም እግራቸውን እንደ ሙሽራ ዘርግተው፣ ከጥፍሩ ጋር ዕድሜውንም ቀንሺልኝ ብለው አዘዙ። ትሕትናም ሁሉንም ተራ በተራ፣ ዝም ብላ፣ ቆረጠች። ፀሐይ ከአናት ስትደርስ ያልተቆረጠ እግር በግቢው ውስጥ አልቀረም፤ ከአንዱ በቀር።

ያን ጊዜ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ባናቸውን እስከ መሬት ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው፣ ከክፍላቸው ደፍ ላይ ታዩ። እሳቸውም አወጁ፦

«ስሙኝ፣ ወገኖቼ! የነገራችሁን ምሥጢር በሽሮው ሽታ ውስጥ ሰምቻለሁ። ልጆች ሆነን ከየኔታ ደጅ ስንቀመጥ እግራቸውን ያጠብነው፣ እንጨት የለቀምንላቸው፣ ውኃ የቀዳንላቸው፣ እሳቸው ቀለም ስለ ሰጡን ነው። ዜማ የተቀበለ ልጅ የመምህሩን እግር ቢያጥብ ወጉን አደረሰ። ዜማ ሳይቀበል እግሬን ሊነካ የሚመጣ ግን፣ ያላበደርኩትን ሊከፍለኝ የመጣ ነው። እኔ ምጽዋት አልወድም። ካላስተማርኩት ሰው በቀር እግሬን የሚነካ የለም። ቃሌ ይህ ነው!»

ይህንም ብለው በሩን ዘጉ። ከበሩም በስተውጭ እማማ አየለች በበኩላቸው እንዲህ አሉ፦

«ይዝጉት፣ የኔታ፣ ይዝጉት! የኅዳር ሚካኤል ሰው ሁሉ በጸናጽል ሲወርብ፣ እርስዎ ከዚህ ሆነው በጥፍርዎ ግድግዳ ይቧጥጣሉ! ድመቷም ጓደኛ አገኘች!»

ሠራዊቱም ተሸንፎ ተበተነ፤ አንዷለም ማጉያውን በባጃጁ ጭኖ ወደ ገበያ ወረደ፤ ወይዘሮ ጌታነሽ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ፤ ፎቶ አንሺዎቹም ሌላ ነገር ፍለጋ ሄዱ። በግቢው የቀረችው ትሕትና ብቻ ነበረች። እርሷም የወዳደቀውን ጥፍር እየጠረገች አሰበች። ሊቁ በሩን ሲዘጉ ቁልፉን በውጭ በኩል ትተውላት እንደ ሄዱ ገባት። ቁልፉ ግን ለሌላ ሰው ቀላል፣ ለእርሷ ከባድ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ጥናቷን ባቀረበች ዕለት ፈታኞቿ ድምፅዋን ለመስማት ወንበራቸውን ሦስት ጊዜ ወደፊት የሳቡባት ትሕትና፣ አሁን በሰው ፊት ታዜም ዘንድ ነውና።

በነጋም ጊዜ ያለ መቁረጫ፣ ባዶ እጇን መጣች። አረጋውያኑ በመደባቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ፣ ከመሪጌታ በር ፊት ቆመች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ በሕይወቷም የመጀመሪያውን አዋጅ አወጀች፦

«የኔታ፣ ዜማ ያስተምሩኝ።»

ይህ አዋጅ በዜና መዋዕል ከተጻፉት አዋጆች ሁሉ አጭሩ ነው፤ ከመጀመሪያውም መደብ አልፎ አልተሰማም። ስለዚህ እማማ አየለች ተቀብለው ለሁለተኛው መደብ፣ ለአጥሩና ለመንገዱ አዳረሱት፦ «ዜማ ያስተምሩኝ አለች! ሰማችሁ? ልጅቷ አፍ አላት!»

በሩም ተከፈተ። መሪጌታ ረዥም ጊዜ ተመለከቷት። ሴት ልጅ ከሊቃውንቱ ጋር ወረብ አትቆምም እንጂ ዜማ አትማርም ያለ መምህር አላገኘሁም ብለው ፈረዱ፤ ከደፉም ላይ ተቀምጠው፣ ቀኝ እግራቸውን በባናቸው ሸፍነው፣ አንዲት ሃሌ ሉያ ሰጧት። እሳቸው ሲሏት ሃሌ ሉያዋ እንደ ጓሳ ተራራ ወጣች፣ በጫፉም ላይ ቆመች፣ በቀስታም ወረደች። ትሕትና ስትላት ግን ከነጠላዋ ጥለት ሳታልፍ ሞተች። መሪጌታም ደገሙላት። ደግማም ሞተችባት። በዚያ ቀን ስንት ሃሌ ሉያ በዚያ ጥለት ላይ እንደ ወደቀ የሚያውቅ የለም። መሪጌታም በመጨረሻ ይህን ሕግ አወጡ፦

«ልጄ፣ ዜማው ገብቶሻል፤ የቀረሽ ማውጣቱ ነው። ከነጠላሽ ያላለፈ ድምፅ ለራስሽ የነገርሽው ወሬ ነው። ይህን ግቢ የሞላሽ ዕለት ተቀብለሻል እልሻለሁ፤ እስከዚያ ግን አልሰጠሁሽም።»

ስለዚህ ትሕትና ለጦርነት ተዘጋጀች፤ ጠላቷም የገዛ ጉሮሮዋ ነበር። ከቤታቸው በስተኋላ ባለው ጭንጫ ላይ ለድንጋዮቹ አዜመች፤ ድንጋዮቹ አልሳቁም። ለአባቷ በጎች አዜመች፤ በጎቹ ቀና ብለው አዩአትና ወደ ሣራቸው ተመለሱ። በአንዷለም ባጃጅ ተቀምጣ የሞተሩ ጩኸት በሸፈናት ጊዜም አዜመች፤ አንዷለም ግን ሰምቶ ነበር፣ አልሰማሁም ብሎ እንጂ። በዚህ መካከል ኅዳር ገባ፤ የሚካኤልም ዕለት ቀረበ።

ንግሡ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በፀሐያማው ጠዋት፣ አረጋውያኑ ሁሉ በመደቡ ላይ ተደርድረው ሳሉ ትሕትና በግቢው መካከል ቆመች። መሪጌታም ከደፋቸው ላይ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። የመጀመሪያዋ ሃሌ ሉያ መሐል ላይ ተሰበረች፤ ከመደቡ በኩልም ትንሽ ሳቅ ተሰማ። ትሕትና ፊቷ ቀላ፤ ዓይኗም ወደ በሩ ሄደ። የሚያውቋት ሁሉ አሁን ትሄዳለች አሉ። እርሷ ግን የነጠላዋን ጫፍ ከአፏ ላይ አንሥታ ወደ ኋላ ወረወረችው፤ ሁለተኛዋም ወጣች። ይህች አልተሰበረችም። ሦስተኛዋም ተከተለች፤ ግቢውን ሞላች፣ የወጥ ቤቱን በር አልፋ ወይዘሮ ጌታነሽን ከነማማሰያቸው አወጣች፣ አጥሩን ተሻገረች፣ በመንገዱም የሚያልፍ ሰው ቆሞ ቆቡን አወለቀ።

መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ራሳቸውን ረሱ። መቋሚያቸውን በአየር ላይ አነሡ፣ ትከሻቸው ተነቃነቀ፣ ዜማው ከጫፉ በደረሰ ጊዜ የአርባ ዓመት ልማዳቸው እንዳዘዛቸው ቀኝ እግራቸውን አንሥተው ምድሩን መቱ። ያን ጊዜም ጮኹ፤ ጩኸታቸውም ከግዕዝም፣ ከዕዝልም፣ ከአራራይም ዜማ ወገን አልነበረም።

እማማ አየለች እንኳ አዋጅ አላገኙም። ሊቁ በቀስታ ተቀመጡ፤ እግራቸውን አዩ፤ ትሕትናን አዩ። ከዚያም በገዛ እጃቸው ባናውን ገለጡ፣ ቀኝ እግራቸውንም በፀሐይዋ ላይ በሰው ሁሉ ፊት ዘረጉ፤ እንዲህም አሉ፦

«ይህች ልጅ ከእኔ ዘንድ ሃሌ ሉያ ተቀብላለች። ከዛሬ ጀምሮ ደቀ መዝሙሬ ናት። ድምፄ ሄዷል ያልኳችሁም እኔ ነኝ፤ ድምፄ አልሄደም። አፍሬ ነው። በሉ፣ ውኃ አምጡላት!»

ውኃውም መጣ። ወይዘሮ ጌታነሽ ማንቆርቆሪያውን እንደ ታላቅ መድፍ በሁለት እጃቸው ተሸክመው ደረሱ፤ በሳፋው ውስጥ ጨው በተኑ፣ ሙቀቱንም በክርናቸው ፈተኑ። መሪጌታም የማረኩትን የመጀመሪያውን መቁረጫ ከባናቸው ሥር አውጥተው ለባለቤቱ መለሱ። ከዚያም ከበባው ጀመረ። መቁረጫው ጥፍሩን ነከሰ፤ ጥፍሩ ግን መቁረጫውን አጣመመው። አንዷለም ከባጃጁ ፒንሳ ይዞ ሮጠ፤ በብዙ ድምፅ ተቃውሞ ተባረረ። እማማ አየለችም የበግ መሸለቻ መቀስ ይምጣ፣ ቀንድ በቀንድነቱ ነው የሚታየው ብለው አወጁ፤ እሳቸውም አልተሰሙም። ትሕትና ግን ውኃውን አስለወጠች፣ እግሩንም እንደገና ዘፈዘፈች፣ ጠበቀችም። ሊቁ ሲጠብቁ አፈሩ፣ አፍረውም መረቋት፤ እርሷም አሜን እያለች፣ በዚህ ጊዜ መዳፏን ሳትዘረጋ፣ የተዋሰችውን ሌላውን መቁረጫ አነሣችና ከጥፍሩ ጠርዝ ጥቂት በጥቂት ትቆርጥ ጀመር።

እንግዲህ የመጨረሻው ቁራጭ እንደ ጥይት ተፈናጥሮ የአንዷለምን ግንባር መታው፤ የዚህ ዘመቻ ብቸኛ ቁስለኛም እርሱ ነው። ትሕትና የተወጋውን ሥጋ በጥጥ ጠረገች፣ መድኃኒት ቀባች፣ በንጹሕ ፋሻ አሰረች። መሪጌታም ጫማቸውን አስመጡ። እግራቸው ገባ። ከደፉ እስከ መደቡ፣ ከመደቡም እስከ አጥሩ ሄዱ፤ ሲመለሱ ሰው ሁሉ ሌላ ነገር የሚያይ መሰለ፤ እሳቸው ያለቅሱ ነበርና።

ውዳሴ ይገባታል ለትሕትና ዘመሐል ሜዳ፤ ጦር ሳትመዝ ለዘመተች፣ በማጎንበስ ለተዋጋች፣ ተመርቃ ተመርቃ ላልሰለቸች! ማጉያ ያልከፈተውን በር በአንዲት ሃሌ ሉያ ላስከፈተች! የሊቁን እግር ሳታዋርድ ለያዘች፣ ክብሩንም ከጥፍሩ ጋር ላልቆረጠች! ተራሮች ስሟን ይንገሩላት፤ እርሷ ራሷ አትናገርምና። ሥራ የሚሰጥ መሥሪያ ቤትም ቢኖር ይህን ዜና ያንብብ።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት መሪጌታ መርስዔ ኃዘን በአንዷለም ባጃጅ ወደ ደብራቸው ሄዱ። ደቀ መዛሙርታቸው ቦታቸውን ለማንም አልሰጡትም ነበርና በቀኝ ረድፍ ቆሙ፤ ወረቡ እስኪያልቅም አልተቀመጡም። ትሕትና ከሴቶቹ በኩል ሆና አየቻቸው። በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ወደ መጦሪያው መጣች፤ ሁለተኛውን ዜማ ጀመሩ።